የአባቴ ርብራብና የከድር እግር

ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት። ጽሕፈቴ እንደ አዲስ ወይፈን ነው፤ አንዴ ከትልሙ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ይወጣል። የልጅ ልጆቼ «አያ፣ እርስዎ ይንገሩንና እኛ እንጻፍልዎ» ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ይህን ነገር ሌላ ሰው ከጻፈው ያሳምረዋል። እኔ ደግሞ እንዲያምር አልፈልግም።

ያን ጊዜ ስድሳን ልደፍን ጥቂት ነበር የቀረኝ። ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር እኖራለሁ፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። ገበሬ ነኝ። ነገር ግን በአካባቢው የምታወቀው በእርሻዬ አልነበረም፤ በመሐላዬ ነበር። በእኛ አገር የመሬት ወሰን ሲጠፋ ሽማግሌ ይጠራል። ሽማግሌው ድንበሩ ላይ ይቆምና «ወሰኑ ይህ ካልሆነ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ» ይላል። ነገሩ እዚያው ያበቃል። እንዲህ ብሎ የማለ ሰው ቃሉን አያነሳም፤ ካነሳ አባቱን ከመቃብር አውጥቶ እንደ ሰደበ ይቆጠራል። እኔ ስንቱን ወሰን በዚህ አፌ ለይቻለሁ። ምዬ የተከራከረኝ ሰው አልነበረም።

ከቤቴ በታች አንድ ጨፌ አለ። በበጋ ስታዩት ለጥ ያለ መስክ ነው፤ በክረምት ግን ማጥ ነው። የገባች ላም በገመድ ተጎትታ ካልሆነ አትወጣም። አባቴ አበጀ በወጣትነቱ ከላይ ከጫካው ጥድ እየቆረጠ፣ በበሬ እያስጎተተ፣ ግንዱን ጎን ለጎን አስተኝቶ፣ በላዩ የፊላ ነዶ ደልድሎ፣ አፈር አልብሶ ያንን ማጥ አሻገረው። ሰዉ «የአበጀ ርብራብ» ይለዋል። የዳባት ገበያተኛ፣ ጨው የጫነ አህያ፣ ሙሽራ ያፈናጠጠ በቅሎ ሲያልፍበት ኖረ። በኋላ ሣር በቀለበትና ከመስኩ አልለይ አለ። እኛ ግን እናውቀዋለን። አባቴ መሬትም ከብትም ብዙ አልተወልኝም፤ ያቺን ርብራብና ስሙን ነው የተወልኝ።

አስፋልቱን ሊሠሩ ማሽኖቹ የመጡ ጊዜ መስመሩ በርብራቡ ላይ ወደቀ። ለእኔም ሥራ ተሰጠኝ። አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ ባንዲራ ይዤ እቆማለሁ። ቀዩን ካነሳሁ ሁሉም ይቆማል፤ ገልባጩም፣ ዶዘሩም። አረንጓዴውን ካነሳሁ ይሄዳል። ዕድሜዬን ሙሉ በሬ ብቻ ያዘዝኩ ሰውዬ ያን ሁሉ ብረት በጨርቅ ሳቆም ልቤ ትንሽ ሳይነፋ አልቀረም።

ከድርን ያወቅኩት እዚያ ነው። የዳምጠው ሾፌር ነበር። ዳምጠው የምንለው አፈር የሚጨፈልቀውን፣ ከፊቱ ትልቅ የብረት በርሜል ያለበትን ማሽን ነው። የድሬዳዋ ሰው ነው፤ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ ምላሱ የማያርፍ። ድሬዎች ታላቅ ታናሽ አይሉም፤ ሁሉንም «አንተ» ነው የሚሉት። የመጀመሪያ ቀን ከማሽኑ ላይ ሆኖ፣

«አንተ ጋሼ፣ ስምህ ማነው?» አለኝ።

«ከአባትህ ጋር በግ ጠብቀናል?» አልኩት።

«አባቴ በግ አልጠበቀም። ባቡር ነበር የሚጠብቀው» አለና ሳቀ። እርሱም ዳምጠው ከመያዙ በፊት ሐዲድ ላይ ሠርቷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ማሽኑን ሲያስነሳ «ጋሼ ሞላ፣ ቀይ ነው አረንጓዴ?» ይለኛል። ጨዋታው ነው። እኔ ደግሞ ፊቴን ሳልፈታ አረንጓዴውን አነሳለሁ። «አንተ» ማለቱን ይቅር አላልኩትም ነበር።

ርብራቡ ጋ የደረሱ ቀን ከድር ከማሽኑ ወርዶ መሬቱን በተረከዙ ደጋግሞ መታው። ፎርማኑን አዱኛን ጠራው። አዱኛ የጎንደር ሰው ነው፤ ወጉን ያውቃል።

«ይህ መሬት ይተነፍሳል» አለ ከድር። «እኛ ሐዲድ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ ስናገኝ ሳንቆፍር አንድ ጠጠር አናፈስም። ይቆፈርና ይታይ።»

«ኢንጂነሩ የለም፣ ክረምቱ ደርሷል። ቁፋሮው ሁለት ቀን ይበላናል» አለ አዱኛ። ወደ እኔ ዞረ። «አያ ሞላ፣ ከሥር ያለው ምንድን ነው?»

«ጥድ ነው። አባቴ የረበረበው።»

«ከጥዱ ሥርስ?» አለ ከድር።

አንባቢ ሆይ፣ አላውቅም ነበር። አባቴ ሲረበርብ እኔ በእናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። አላውቅም ማለት አንዲት ቃል ናት፤ አፌ ግን እርሷን አልለመደም።

«አለት ነው» አልኩ።

«አይተሃል?»

«አባቴ አለት ባያገኝ አይረበርብም።»

«አባትህ ጎበዝ ነው እንበል፤ አይተሃል ወይ ነው ያልኩህ።»

ከቆላ የመጣ ሰው፣ በአንተ እየጠራኝ፣ በሰው ፊት አባቴን ሲመረምርብኝ ደሜ ፈላ። ባንዲራዎቼን መሬት ጣልኩና እጄን ወደ ላይ አነሳሁ።

«ከሥሩ አለት ካልሆነ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ።»

አዱኛ ባርኔጣውን አወለቀ። «በቃ፣ ሽማግሌ ምሏል» አለ። ከድር አንዴ እኔን፣ አንዴ እርሱን አየና «እናንተ አገር መሬት የሚመረመረው በአፍ ነው?» ብሎ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። በማግስቱ ገረጋንቲ ተገለበጠበት። ሙሌቱ በሳምንት ውስጥ ከሰው ቁመት በለጠ።

ከዚያ ግንቦት ሲያልቅ ሁለት ቀን ዘነበ።

ሥራው እንደገና የጀመረው ሐሙስ ጠዋት ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ቦታዬ ቆሜ ሳለ ከሙሌቱ ግርጌ ያለው ሣር ትክክል አልሆነልኝም። ከፍ ብሏል። ሊጥ ሲቦካ እንደሚነፋው ዓይነት ተነፍቶ፣ በመሃሉ ጥቁር ውኃ ይወጣል፤ ውኃው ላይ አረፋ አለ። በዚያ ወቅት እዚያ ቦታ ውኃ ኖሮ አያውቅም። በዱላዬ ወጋሁት። ዱላው እስከ እጄ ገባ። አለት አልነካም።

በዚሁ መሃል ጎረቤቴ ዘውዱ በቅሎውን እየሳበ መጣ። በሙሌቱ ዳር ሊያሳልፋት ሲል በቅሎዋ ሁለት የፊት እግሯን ተከለች። ቢጎትታት እምቢ፣ ቢመታት እምቢ። ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ መሬቱን ታሸትታለች።

«ሞላ፣ በቅሎዬ የአባትህን ርብራብ አላመነችም» አለኝ እየሳቀ።

«በቅሎህን ሆዷ ነው የሚያሳስባት። በላይ በኩል ዙር።»

«እርሷ መሐላህን አልሰማችም መሰለኝ።»

«ዙር አልኩህ።»

ዞረ። እኔ ቀረሁ። ቀዩ ባንዲራ በግራ እጄ ነው። ማንሳት ብቻ ነበር። ካነሳሁት ግን አዱኛ ይመጣል፤ «ምነው አያ ሞላ?» ይላል፤ ከሥር አለት የለም ልለው ነው። ያን ካልኩ ደግሞ በየድንበሩ የማልኩት ሁሉ ምን ሊሆን ነው? የአባቴ ስምስ? በልቤ «ትንሽ ውኃ ነው፣ ጥዱ ይይዘዋል» አልኩ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ያንን ለራሴ ስደጋግም ቆየሁ።

ሦስት ሰዓት ላይ ከድር ማሽኑ ላይ ወጣ። ሻሹን ራሱ ላይ ጠመጠመ።

«ጋሼ ሞላ፣ ቀይ ነው አረንጓዴ?»

አረንጓዴውን አነሳሁ።

አንዴ ሄዶ ተመለሰ። ሁለተኛ ሄደ። በሦስተኛው ዳር ዳሩን ሲጨፈልቅ የሙሌቱ ጠርዝ ያለ ድምፅ ተቆረሰ። ማሽኑ በአንድ ጊዜ አልወደቀም። የደከመው በሬ እንደሚንበረከክ በአንድ ጎኑ ቀስ ብሎ ተንበረከከ። ከድር ለመዝለል ጊዜ ነበረው፤ ዘለለም። የዘለለው ግን ወደ ጨፌው ነው። የሙሌቱ ክብደት ከሥር አንድ የጥድ ግንድ ገልብጦ አውጥቶ ነበር። ከድር ማጡ ውስጥ እስከ ወገቡ ገባ፤ ማሽኑም ተከትሎት ወርዶ ግንዱ ላይ ተደገፈ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች በግንዱና በማሽኑ ብረት መሃል ቀረ።

ጮኸ። አንዴ ብቻ ነው የጮኸው።

አዱኛ እየሮጠ መጣ፤ አየ፤ ቀለሙ ጠፋ። ብረት የሚያነሳ አንድ ኤክስካቫተር ብቻ ነበር፤ እርሱም ከደባርቅ ወዲህ ባለው የድንጋይ ካባ ነው ያለው። የሚጭነው መኪና ደግሞ ጎንደር ሄዷል። አዱኛ «በሰንሰለቱ አስነድቼ አመጣዋለሁ» ብሎ በፒክአፑ በረረ። በሰንሰለት የሚሄድ ነገር እንዴት እንደሚሄድ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሰው በእግሩ ይቀድመዋል።

የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ። በወገቡ ገመድ አስረው ሃያ ሆነው ሳቡት። የእግሩ አጥንት ሲንቋቋ ሰማሁ። «ተዉ፣ ተዉ፣ ሁለት ልታደርጉኝ ነው» አለ። ተዉት። ማጡ ግን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ሳይያዝ ከቆየ ይሰምጣል። እኔ ነኝ የያዝኩት። ዘውዱ የቤቴን በር ነቅሎ አመጣልኝ፤ ማጡ ላይ አስተኛነውና በደረቴ ተኛሁበት። ከኋላው በብብቱ ሥር ሁለት እጄን አስገብቼ ደረቱ ላይ ቆለፍኩ። ጢሜ ትከሻው ላይ ነበር።

ዘውዱ መጥረቢያ ይዞ መጣ። «ግንዱን ልቁረጠውና እግሩ ይለቀቅ።»

«እንዳትነካው» አለ ከድር። ድምፁ ቀጥኗል፤ ልቡ ግን አልጠፋም። «ማሽኑን የያዘው እርሱ ነው። ብትቆርጠው ብረቱ በእኔ ላይ ይወርዳል።»

ዘውዱ መጥረቢያውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ያ ግንድ አባቴ ያስተኛው ነው። እግሩን የሚፈጨው እርሱ ነው፤ ነፍሱን ያቆየውም እርሱ ነው። ልትቆርጠው አትችልም፤ ልትተወው አትችልም። ጉልበት አለን፣ ገመድ አለን፣ መጥረቢያ አለን፣ ሰው አለን፤ ምንም ማድረግ ግን አልቻልንም።

ከማሽኑ የኋላ ጎማ ላይ ክብ ሠርተው የታሰሩ ብሎኖች አሉ። ሲወድቅ አምስት ብሎን ከጭቃው በላይ ይታይ ነበር። እኔ ዓይኔ ከእነርሱ ላይ አልተነሳም። አምስት ሰዓት ሲሆን አራት ሆኑ።

ሴቶቹ ዳር ላይ ቆመው ማርያምን፣ ሚካኤልን፣ ጊዮርጊስን ይጠራሉ። አንዷ «ምነው እርሱ እስላም አይደለም እንዴ?» ብላ አጠገቧ ያለችውን ስትጠይቅ ከድር ሰማ።

«ግድ የለም እናቴ፣ ሁሉንም ጥሩልኝ» አለ። «ቀድሞ የደረሰ ይያዘኝ።»

ወተት አጠጡት፤ መለሰው። ብርድ ያንቀጠቅጠው ጀመር። ጋቢዬን አለበሱት። እንዳይተኛ ብዬ ማውራት ያዝኩ። የማወራው ቢጠፋኝ ስለ ሐዲዱ ጠየቅኩት።

«ባቡር ያን ያህል ከብዶ እንዴት አይሰምጥም?»

«ሐዲዱን የሚይዘው ብረቱ ይመስልሃል» አለ። «አይደለም። ከእንጨቱ ሥር ያለው ጠጠር ነው። ረግረግ ቦታ ደግሞ ጠጠሩም ይጠጣል። የዘንድሮውን ትሞላለህ፣ ለከርሞ ወርዶ ታገኘዋለህ። አባቴ ምን ይል ነበር መሰለህ? መጀመሪያ ለውኃው መንገድ ስጠው፤ ከዚያ ለባቡሩ መንገድ ትሰጣለህ።»

«እናንተስ ምን ታደርጉ ነበር?»

«ቦይ እንቆፍራለን። እንጨት እንረበርባለን፤ እንደ አባትህ። ግን አንድ ድርብ አይደለም። ሁለት ድርብ ነው፤ ታችኛው ወዲህ፣ ላይኛው ወዲያ፣ እንደ አልጋ ጠፍር። ያኔ ክብደቱን ይካፈሉታል። ዝናብ የዘነበ ቀን ደግሞ አባቴ ከባቡሩ ፊት በእግሩ ይሄዳል። ባንዲራ ይዞ። እንደ አንተ። መሬቱ ከእግሩ ሥር ከለሰለሰበት ቀዩን ያነሳል። ከውስጥ ማንም ይኑር፣ ሹምም ይሁን፣ ባቡሩ ይቆማል። አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ሙሉ አስቁሞ ምንም አልነበረም። ሳቁበት። በማግስቱም አነሳ።»

ይህን ሲነግረኝ እጄ ደረቱ ላይ ተቆልፎ ነው። ልቡ ሲመታ ይሰማኛል። የእኔም ሳይሰማው አይቀርም።

«ከድር» አልኩት። በስሙ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነበር። «ጠዋት ውኃውን አይቼዋለሁ።»

ራሱን ወደ እኔ ሊያዞር ሞከረ።

«ሣሩ ተነፍቶ አየሁ። ዱላ ሰድጄ አለት አጣሁ።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል።»

«እኔ የጠየቅኩህ ሦስት ሰዓት ነው።»

«አዎ።»

ወዴት ይሂድ? ተቆጥቶ ጥሎኝ እንዳይነሳ እግሩ ተይዟል። ፊቱን እንዳያዞርብኝ ጀርባው በእኔ ላይ ነው። ሌላ የሚይዘው ሰው አምጡ እንዳይል፣ እጄን ከፈታሁት ይሰምጣል። የበደለው ሰው ክንድ ውስጥ ታስሮ ቀረ።

በመጨረሻ፣ «አጥብቀህ ያዝ» አለኝ። «መርገሙን ቆይቼ እረግምሃለሁ።»

ከዚያ በኋላ አላናገረኝም። ብሎኖቹ ሦስት ሆኑ። በስሜን በኩል ደመናው ጠቆረ፤ ነጎድጓድ ተሰማ። ክንዴ መጀመሪያ አመመኝ፣ ከዚያ ደነዘዘ፣ ከዚያ የእኔ መሆኑ ቀረ። ዘውዱ «ልተካህ» አለኝ፤ እምቢ አልኩ። ጀግንነት አይምሰላችሁ። ከለቀቅኩት ዓይኑን ማየት ሊኖርብኝ ነው፤ ያን ነው የፈራሁት።

ኤክስካቫተሩ ብቅ ሲል አስር ሰዓት ሆኖ ነበር። ሰዉ እልል አለ። እልልታው ግን አልቆየም፤ ሾፌሩ ወርዶ ጨፌውን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ።

«ከሙሌቱ ላይ ክንዱ አይደርስም። ወደ ጨፌው ካወረድኩት እኔም እዚያው ነኝ» አለ።

አዱኛ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። ከድር ነው የተናገረው፤ ድምፁ እኔ ብቻ የምሰማው ሆኖ። እኔ ጮክ ብዬ ደገምኩለት።

«እንጨት አምጡ ይላል! ያለውን ሁሉ! ሁለት ድርብ!»

ሰዉ ወደየቤቱ ሮጠ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያ ሰፈር በር አልቀረለትም። የቤት በር፣ የአጥር ግንድ፣ ለቤት መሥሪያ የተቀመጠ ባሕር ዛፍ፣ የበረት መዝጊያ፣ የሚካኤል ማኅበር አግዳሚ ሳይቀር መጣ። ከድር ይንሾካሾካል፣ እኔ እጮሃለሁ።

«ታችኛው ወደ መንገዱ!»

«ላይኛው አቋርጦ!»

«ክፍተት አትተዉ፣ ፊላ ሙሉበት!»

አባቴ አንድ ድርብ ያስተኛበት ማጥ ላይ ሁለት ድርብ አስተኛን። ኤክስካቫተሩ እንደ እርጉዝ ላም እየተጠነቀቀ ወጣበት። እንጨቱ ተንቋቋ፣ ጥቁር ውኃ በየቀዳዳው ፊን አለ፣ ግን ያዘ። ባልዲውን ከማሽኑ ሆድ ሥር ሰደደና አንድ ስንዝር አነሳ። ዘውዱና ሌሎቹ እኔን በእግሬ፣ እኔ ከድርን በደረቱ ይዤ ተጎተትን። ወጣ። እግሩን ላለማየት ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ግን አየሁት።

ፒክአፑ ላይ በቤቴ በር አስተኛነው፤ ጎንደር ሆስፒታል ሊሄድ። መኪናው ዳባት ለመድረስ የግድ በተሠራው ሙሌት ላይ ማለፍ ነበረበት፤ ሌላ መንገድ የለም። ዝናቡ ጀምሯል። አዱኛ መሪውን ይዞ አየኝ። ባንዲራዎቼን አንድ ሰው አንስቶ በእጄ አስይዞኝ ነበር። ከድር ከተኛበት አንገቱን ቀና አደረገ። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

«ጋሼ ሞላ» አለ። «ቀይ ነው አረንጓዴ?»

እጄ አልነሳ አለኝ። ሁለቱንም ጣልኳቸው። ከመኪናው ፊት ገባሁና በባዶ እግሬ፣ አንድ በአንድ፣ መሬቱን በተረከዜ እየመታሁ መሄድ ጀመርኩ። የለሰለሰብኝ ቦታ ሲኖር በእጄ ወደ ላይኛው ዳር አሳየዋለሁ። መኪናው በእርምጃዬ ተከተለኝ። ጠንካራው መሬት ላይ ስደርስ ዘወር አልኩለት፤ አለፈኝ።

እግሩ ተቆረጠ። ከጉልበቱ በላይ።

በሦስተኛው ሳምንት ዘውዱንና አንድ ቄስ ይዤ፣ በግ እየጎተትኩ፣ ለዕርቅ ጎንደር ወረድኩ። በጉን ዘበኛው አላስገባም ብሎ በር ላይ ታሰረ። ከድር አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር። ከስቷል።

«በግ ይዘህ መጣህ አሉ። ሐኪሙ አይቶታል?» አለኝ።

ቄሱ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። መሬት ተንበረከክሁ። «ያልከኝን እርግማን ልቀበል መጥቻለሁ» አልኩት።

«ተነሳ። መሬቱን አትመነው፤ ይሰምጥብሃል» አለና ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ጨዋታው ጠፋ። «ስትምል አልተቀየምኩም። ሰው አያውቅም፣ ይኮራል፣ ይሳሳታል። ውኃውን አይተህ አረንጓዴ ማንሳትህን ግን እስክሞት አልረሳውም። እርግማኔ ይህ ነው። ከእንግዲህ የምትለውን ማንም ዝም ብሎ አይመንህ። ሁሉንም ቆፍረው ይዩብህ።»

ቄሱ «አሜን በል» እንዳይሉኝ፣ «አሜን አትበል» እንዳይሉኝ ግራ ገባቸው። እኔ አሜን አልኩ።

በጉን አልወሰደውም። ዕርቁም ዕርቅ አልሆነም።

ለጉዳዩ አጣሪዎች ሲመጡ ሁሉንም ነገርኳቸው። መሐላዬን ጻፉልኝ ብላቸው አንደኛው ተገረመ። «አባት፣ የሽማግሌ ቃል እኮ የመሬት ምርመራ አይደለም። ጥፋቱ የፎርማኑ ነው» አለኝ። አዱኛ ከሥራ ተባረረ። በእኔ ቃል አምኖ ባርኔጣውን ያወለቀ ሰው ተባረረ፤ እኔን ማንም አልጠየቀኝም። በአገሬ ወሰን የሚለይ አፍ፣ በእነርሱ ወረቀት ላይ ምንም አልነበረም። ለአዱኛ ላማልድ ብዬ ሁለቴ ሄድኩ፤ ሁለቴም ከበር መለሱኝ።

ርብራቡን ቆፈሩት። ሄጄ አየሁ። ጥዱ ወጣ፤ ከጥዱ ሥር ሁለት ሰው ቢቆም የሚውጥ ጥቁር ጭቃ። አለት የሚባል የለም። አባቴ ይህንን ያውቅ ነበር? ያውቅ የነበረ ይመስለኛል። ለአህያና ለበቅሎ የሚበቃውን ሠርቶ ነው የሞተው፤ ከዚያ በላይ አልፎከረም። የፎከርኩለት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ምዬ አላውቅም። በዓመቱ የሁለት ወንድማማቾች ወሰን ጠፍቶ ሽማግሌዎች ጠሩኝ። ወሰኑን አውቀዋለሁ፤ ድንጋዩ ሲቀበር አይቻለሁ። «ማልልንና እንሂድ» አሉኝ። «እዚህ ጋ ቆፍሩ፣ የወሰን ድንጋይ ታገኛላችሁ» አልኳቸው። «አንተ ስትል ምን ያስቆፍረናል?» አሉ። «ቆፍራችሁ እዩ» አልኩ። ተቆጡ፤ አፈርኩ፤ ግን ቆፈሩ። ድንጋዩ እኔ ካልኩበት ሁለት ክንድ ርቆ ተገኘ። ሁለት ክንድ። ያንን ምዬ ቢሆን ኖሮ አንዱ ወንድም የሌላውን መሬት እስከ ልጅ ልጁ ሲያርስ ይኖር ነበር። በፊት የማልኩባቸውስ? ይህ እንቅልፍ ይነሳኛል። ሂዱና ቆፍሩ ብዬ ስዞር «ሞላ ከዚያ ቀን ወዲህ ልቡ ተነክቷል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለሽምግልና አልጠሩኝም።

አንባብያን፣ ጥፋቴ መሬቱን አለማወቄ አይደለም። መሬትን ማን አውቆ ይጨርሳል? ባወቅኩበት ግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀዩ በእጄ እያለ ያለማንሳቴ ነው። ሰው ከቃሉ ይልቅ ሰውን ቢያስቀድም እንደሚሻል ታውቁታላችሁ። እኔም አውቀው ነበር።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትሄዱ፣ ዳባትን አልፋችሁ ጥቂት እንደሄዳችሁ፣ መኪናው ዝቅ ብሎ የሚያነጥራችሁ አንድ ቦታ አለ። ስንት ድንጋይ ገባበት፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ትንሽ ይወርዳል፣ መጥተው ይሞሉታል፣ ደግሞ ይወርዳል። እዚያ ስትደርሱ ሾፌሩን አትስደቡ።

ይህንን የጻፍኩትንም ዝም ብላችሁ አትመኑኝ። ዘውዱ አለ፤ ጠይቁት። ድሬዳዋም በምርኩዝ የሚሄድ ከድር የሚባል ሰው አለ፤ እንዴት እንደነበር ይንገራችሁ። ቆፍራችሁ እዩ።